የቴአሁፖኦ ዐሥር ቀናት፦ የኦሊምፒክ ሰርፊንግ ትንበያና ውሳኔ

ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የቤቴን ቆርቆሮ ይደበድባል። በዚያችው ደቂቃ ታሂቲ ላይ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በመካከላችን 13 ሰዓት አለ። የፓሪስ ኦሊምፒክ መክፈቻ ከዋዜማው በዝናብ ርሶ አልፏል። አሁን ደግሞ ከፓሪስ 15,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል፣ የሰርፊንግ፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ቆሞ ሞገድ የመጋለብ፣ ውድድር ሊጀመር ነው። ቦታው ቴአሁፖኦ ይባላል።

ያን ሰሞን ማታ ማታ የተቀመጥኩት ውድድሩን ለማየት ብቻ አልነበረም። ይበልጥ የያዘኝ ከውድድሩ በፊት ያለው ነገር ነው። ሩጫ ሰዓቱ ሲደርስ ይጀመራል። እግር ኳስም ዝናብ ቢዘንብ ይደረጋል። እዚህ ግን ሜዳው ራሱ መምጣት አለበት። ሞገዱ ካልመጣ ሜዳ የለም። ስለዚህ አዘጋጁ፣ ዓለም አቀፉ የሰርፊንግ ማኅበር፣ ከሐምሌ 20 እስከ 29 (እ.ኤ.አ. ከጁላይ 27 እስከ ኦገስት 5 ቀን 2024) ድረስ ዐሥር ቀን ያዘ። ውድድሩን ለመጨረስ ግን አራት ጥሩ ቀን ይበቃል። 24 ወንዶችና 24 ሴቶች አሉ። ጥያቄው በየጠዋቱ አንድ ነው። ዛሬ ይግቡ ወይስ ይጠብቁ?

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ያ ጥያቄ በምን ተመለሰ፣ የት ላይ ተሳካ፣ የት ላይስ ዋጋ አስከፈለ?

መጀመሪያ ቦታውን እንየው። ታሂቲ የሁለት እሳተ ገሞራዎች ልጅ ናት። ትልቁ ክፍል ታሂቲ ኑዊ፣ ትንሹ ታሂቲ ኢቲ ይባላል። ሁለቱን ቀጭን አንገት መሳይ መሬት ያገናኛቸዋል። ቴአሁፖኦ ያለው ከትንሹ ክፍል ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ ላይ ነው። የአስፋልቱ መንገድ እዚያ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ በእግር ወይም በጀልባ ነው። ሞገዱ የሚሰበረው ከባሕሩ ዳርቻ ላይ አይደለም። ወደ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደሴቲቱን እንደ አጥር በከበበው የኮራል አለት ላይ ነው።

ኮራል ሕይወት ያለው ነገር ነው። ጨዋማና ሙቅ ውሃ ይወዳል። ጨው የሌለው የወንዝ ውሃ ግን አይስማማውም። ከተራራው የሚወርደው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አቅጣጫ አጥሩ ይሳሳል፣ በር ይከፈታል። በቴአሁፖኦ ያለው በር ሃቫኤ ይባላል። ጀልባዎች የሚያልፉት በእሱ ነው። ሰርፈሩም ሞገዱን ጨርሶ የሚወጣው ወደ እሱ ነው። ጥልቅ ስለሆነ ሞገዱ እዚያ ሲደርስ ይረግባል። ተመልካች ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ ከሞገዱ አፍ በጥቂት ሜትር ርቀት ማየት የሚችለው ለዚህ ነው። በሌላ የዓለም ክፍል እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙም አይገኝም።

አደጋው ያለው ከአጥሩ ውጭ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። በብዙ የባሕር ዳርቻዎች የባሕሩ ወለል ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ሞገዱ በመንገዱ ላይ ጉልበቱን እያራገፈ ይመጣል። ቴአሁፖኦ ላይ ግን ጥልቁ ውሃ በድንገት ከአለቱ ጋር ይላተማል። የሞገዱ እግር ይያዛል፣ ራሱ ግን አልቆመም። ከኋላ ያለው ውሃ ሁሉ ይደርስበትና ወደፊት ይደፋል። ከፊት ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ሞገዱ ይሳባል። ከጎን ስታየው ሞገዱ ከባሕሩ በላይ ከመውጣቱ ይልቅ ባሕሩ ከበታቹ የሰመጠ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ውሃ ከሰው ወገብ የማያልፍበት ቦታ አለ። ከዚያ በታች ስለት የሆነ ኮራል ነው። በዚሁ ኦሊምፒክ የፈረንሳይዋ ጆአን ደፌ ጭንቅላቷን ከአለቱ ጋር ተጋጭታ ተሰፍታለች። ተሰፍታም ተመልሳ ገብታለች።

እንግዲህ ትንበያ ማለት ለዚህ አለት የሚደርሰውን ሞገድ ቀድሞ ማወቅ ነው።

ብዙ ሰው የባሕር ሞገድ የሚመጣው እዚያው ከሚነፍሰው ነፋስ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የቴአሁፖኦ ሞገድ ግን የሚወለደው ከታሂቲ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው። በደቡብ፣ በኒውዚላንድና በአንታርክቲካ መካከል፣ ነፋሱን የሚያስቆም መሬት የለም ማለት ይቻላል። በደቡቡ የዓለም ክፍል የብርድ ወራት እዚያ ወጀብ ተከትሎ ወጀብ ይመጣል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ የቴአሁፖኦ ወቅት የሚሆነው ለዚህ ነው። ኃይለኛ ነፋስ በሰፊ ባሕር ላይ ለረጅም ሰዓት ከነፈሰ ውሃው ጉልበት ይይዛል። ያ ጉልበት ወጀቡ ካለፈ በኋላም መንገዱን ይቀጥላል። ሲሄድ እየተስተካከለ፣ እየተለየ፣ እየተሰለፈ ይሄዳል። ታሂቲ ሲደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ቱሪስቱ ወጀብ የሚባል ነገር ሳያይ ቤት የሚያህል ውሃ አለቱ ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ላሳያችሁ። ትንበያውን ለማንበብ ቁልፉ እሱ ነው።

ትንበያው ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ቁመት ነው፤ 2 ሜትር፣ 3 ሜትር ይላል። ከጎኑ ሌላ ቁጥር አለ፤ 10 ሰከንድ፣ 16 ሰከንድ። አንድ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ የሚቀጥለው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። አዋቂዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ነው። የ10 ሰከንድ ሞገድ ጉልበት በጥልቅ ባሕር ላይ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የ16 ሰከንዱ 45 ኪሎ ሜትር። ወጀቡ 4,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር እንበል። የ16 ሰከንዱ ሞገድ በ89 ሰዓት፣ ማለትም አራት ቀን ሳይሞላው ይደርሳል። የ10 ሰከንዱ ስድስት ቀን ይፈጅበታል። አብረው ተነሥተው ተለያይተው ይደርሳሉ።

ስለዚህ ቀድመው የሚመጡት ረጃጅም ሰከንድ ያላቸው ናቸው። ሲጀምሩም ቁመታቸው ትንሽ ነው። ባሕሩ የተኛ ይመስላል። ከዚያ በየብዙ ደቂቃው አንድ ሰፊ፣ ዝግ ያለ ሞገድ ብቅ ይላል። ያልለመደ ሰው ይንቀዋል። የለመደ ጀልባውን ያስጠጋል። የእኛ ሰው ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለው ለወንዝ ቢሆንም ለዚህም ይሠራል።

ደግሞ የ16 ሰከንድ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 400 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የባሕሩ ወለል መኖሩ የሚሰማው ከርዝመቱ ግማሽ በሚሆን ጥልቀት ላይ፣ 200 ሜትር ላይ ነው። ላይ ላዩን የምናየው ጫፉን ብቻ ነው። ከታች የሚንቀሳቀሰው ውሃ ብዙ ነው። ሁለት ሜትር በ8 ሰከንድና ሁለት ሜትር በ16 ሰከንድ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ጉልበት ይዞ ይመጣል። አለቱ ላይ ሲቆም ያ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ቁመት ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው ቴአሁፖኦ ላይ ይጎዳል።

አቅጣጫም አለ። ሞገዱ ከደቡብ ቢያዘነብል በአለቱ ጠርዝ እየተንሸራተተ ይሰበራል፤ ሰርፈሩ መውጫ ያገኛል። ወደ ምዕራብ ባዘነበለ ቁጥር አለቱን ፊት ለፊት ይመታዋል። ሞገዱ ይወፍራል፣ መውጫው ይጠባል። ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው ልዩነቱ። ትንበያ ላይ ሁለት ቁጥር የሚመስለው ነገር ውሃው ላይ ሌላ ባሕር ነው።

ይህን የሩቅ ሞገድ አስቀድሞ የማስላት ሥራ ሳይንስ ሆኖ የቆመው በጦርነት ጊዜ ነው። ሃራልድ ስቨርድሩፕና ዋልተር ሙንክ ያዘጋጁት ዘዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ከመርከብ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርዱበትን ቀን ለመምረጥ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ሙንክና ጓደኞቹ በአንታርክቲካ አቅራቢያ የተነሣ ሞገድ ፓስፊክን አቋርጦ አላስካ ድረስ ሲደርስ በመለኪያ ተከታትለዋል። ዛሬ ሳተላይት የሞገዱን ቁመት ከሰማይ ይለካል። ኮምፒውተሮች የዓለምን ባሕር በካሬ በካሬ ከፍለው ያሰላሉ።

ከመለኪያው በፊት ግን ሰው ነበረ። የፖሊኔዢያ መርከበኞች ያለ ኮምፓስ ያንን ሰፊ ውቅያኖስ ይዞሩት ነበር። ኮከብ ያያሉ፣ የሞገዱን አቅጣጫ ደግሞ በታንኳው ውዝዋዜ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሆኩሌአ የተባለች ባለ ሁለት ቀፎ ታንኳ በዚሁ ጥበብ ከሃዋይ ታሂቲ ገብታለች። መሪዋ ከማይክሮኔዢያ የመጣው ማው ፒያይሉግ ነበር። ሞገድ ማንበብ ለዚያ ሕዝብ ከውጭ የመጣ ዕውቀት አይደለም። በቴአሁፖኦ ዛሬም ጀልባ የሚነዱት የመንደሩ ሰዎች ቁጥሩን ሳያዩ ሞገዱን ከሩቅ ይለዩታል።

ሞገዱ ደረሰ እንበል። አሁን ነፋሱ ነው። ታሂቲ ላይ ከምሥራቅ የሚነፍስ ቋሚ ነፋስ አለ። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ሲበረታ ማራአሙ ይሉታል። ማራአሙ ሲነሣ ባሕሩ ይቆራረጣል፣ የሞገዱ ፊት ይሻክራል። ሌሊት ደግሞ ከተራራው ሸለቆ ቀዝቃዛ አየር ወደ ባሕር ይወርዳል። ስሙ ሁፔ ነው። ሁፔ የሞገዱን ፊት ከፊት ለፊት እየገፋ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ይጠፋል። ውድድሩ በማለዳ እንዲጀመር የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ከሁሉም ግን እኔን ያስገረመኝ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። በአብዛኛው ዓለም ባሕር የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ጨረቃን ስለሚከተል። ታሂቲ ግን የጨረቃው ሙላት እርስ በርሱ ተሰርዞ ከምንም በማይቆጠርበት የባሕር ክፍል አጠገብ ናት። የሚቀረው የፀሐይ ስበት ነው። ፀሐይ ደግሞ ሰዓት አታዛንፍም። ባሕሩ ቀን 6 ሰዓትና ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ይሞላል። ማለዳና ማታ 12 ሰዓት ገደማ ይጎድላል። ሁልጊዜ! በእኛ አቆጣጠር ስታስቡት ደግሞ እንዴት ይገጥማል። ከፍታውም በጣም ትንሽ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ስለዚህ ትንበያ የሚሠራው ሰው ስለዚህ ብዙ አይጨነቅም። ወገብ በማይሞላ ውሃ ላይ ግን አንድ ስንዝር ተኩልም ዋጋ አለው።

ወደ ዐሥሩ ቀናት እንመለስ።

ሐምሌ 20 ባሕሩ ጥሩ ነበር። ወንዶችም ሴቶችም የመጀመሪያውን ዙር ጨረሱ። ሐምሌ 21 ሁለተኛው ዙር ተካሄደ። ከዚያ ሐምሌ 22 መጣ። የተጠበቀው ትልቅ ሞገድ ያን ቀን ደረሰ። የወንዶቹ ሦስተኛ ዙር ወደ ውሃ ገባ። በኦሊምፒክ ሰርፊንግ ታሪክ ከዚያ ቀን የሚስተካከል አላየሁም።

እያንዳንዱ ሞገድ ከ10 ይመዘናል። ከሁሉም የተሻሉት ሁለቱ ተደምረው ከ20 ይያዛሉ። የሞሮኮው ራምዚ ቡኪያምና የብራዚሉ ዣዎ ሺያንካ የተገናኙት ያን ቀን ነው። ቡኪያም 17.80 አመጣ። በሌላ ቀን ይህ ነጥብ ማንንም ያሸንፋል። ሺያንካ 18.10 አመጣና አለፈ። አፍሪካዊው ልጅ ያን ያህል ሰርቶ መውጣቱ አንጀቴን በልቶኛል። ሌላው ብራዚላዊ ጋብሪኤል ሜዲናም ያን ቀን ገባ። አንድ ግዙፍ ሞገድ ይዞ፣ ውስጡ ተሰውሮ፣ ተመልሶ ወጣ። 9.90 ተሰጠው። ሞገዱን ጨርሶ ወደ ላይ ሲዘል ፎቶ አንሺው ዤሮም ብሩዬ ከጀልባ ላይ አነሣው። ሰውየው አየር ላይ ቆሞ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ ሰሌዳው ከጎኑ ቀጥ ብሎ። ያን ምስል ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከወንዶቹ ቀጥሎ ሴቶቹ መግባት ነበረባቸው። አልገቡም። በባሕሩ ሁኔታ ምክንያት ተብሎ ዙራቸው ተላለፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ውሳኔው ቀላል አልነበረም። አለቱ ለማንም አይራራም። ባሕሩ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል። ሆኖም የማይረሳ ታሪክ አለ። ሴቶች ከ2006 በኋላ (እ.ኤ.አ.) በዚህ ቦታ በዓለም ዋናው የሙያ ውድድር እንዳይሳተፉ ተደርገው የተመለሱት በ2022 ነው። 16 ዓመት። ምክንያቱ ሞገዱ ይከብዳቸዋል የሚል ነበር። ከኦሊምፒኩ ሁለት ወር ብቻ ቀደም ብሎ በግንቦት የብራዚሏ ታቲያና ዌስተን ዌብ እዚሁ ቦታ ከ10 ነጥብ 10 አግኝታለች። ውድድሩን ያሸነፈችው ደግሞ ቫሂኔ ፊዬሮ ነበረች፤ የፈረንሳይ ፖሊኔዢያ ልጅ፣ ቴአሁፖኦን እንደ ደጇ የምታውቅ።

የሴቶቹ ዙር የተካሄደው ሐምሌ 25 ነው። ሞገዱ ከሐምሌ 22ቱ በብዙ ያነሰ ነበር። ያን ቀን ፊዬሮ በደፌ ተሸንፋ ወጣች። በትልቅ ሞገድ ቢሆን ታሸንፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ግን የትንበያ ውሳኔ ቀን ብቻ አይመርጥም። የትኛው ችሎታ እንደሚፈተን ይመርጣል። ትልቅ ሞገድ ልብና የቦታ ዕውቀት ይጠይቃል። ትንሽ ሞገድ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መያዝና ማዞር። አንድ ዙር በሦስት ቀን ሲገፋ ፈተናው ራሱ ይለወጣል። ለሴቶቹም የዚያ ቀን ባሕር ይገባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሐምሌ 23 እና 24 ውድድር አልነበረም። ሐምሌ 25 የሴቶቹ ሦስተኛ ዙርና የሁለቱም ጾታ ሩብ ፍጻሜ በአንድ ቀን ተጠቃለለ። ከዚያ እንደገና ጥበቃ። ሐምሌ 26፣ 27፣ 28 አለፉ። ተወዳዳሪዎቹ ያረፉት አራኑኢ 5 በምትባል መርከብ ላይ ነበር። ከባሕር ላይ ተኝተው ባሕር ይጠብቃሉ። እኔም ማታ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከፍቼ፣ ዛሬም የለም ሲባል እዘጋለሁ።

ከባዱ ውሳኔ የነበረው በእነዚያ ሦስት ቀናት ነው ብዬ አስባለሁ። የቀረው አንድ ቀን ውድድር ብቻ ነው። በደካማ ሞገድ ቢጨርሱት ማንም አይከስሳቸውም። ጥሩ ሞገድ እንጠብቅ ብለው ሐምሌ 29 ቢበላሽ ደግሞ ዐሥሩ ቀን አልቋል። ሞገዱ ገና ደቡብ ላይ መንገድ ላይ ነው። የመድረሻውን ቀን ስሌቱ ይሰጣል። ነፋሱን ግን ያን ያህል ቀድሞ ማመን አይቻልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። አልቸኮሉም። እስከ መጨረሻው ቀን ጠበቁ። በእኔ እይታ በዐሥሩ ቀን ውስጥ ከተወሰኑት ሁሉ ድፍረት የተሞላበት ይኼ ነው።

በመጠበቂያው ቀናት አእምሮዬ ወደ አንድ ሌላ ነገር ይሄድ ነበር። ታሂቲ ለእኛ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። የኤልኒኞን ሁኔታ ለመከታተል ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ በታሂቲና በአውስትራሊያዋ ዳርዊን መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት ነው። ታሂቲ ላይ ግፊቱ ሲወርድ፣ ዳርዊን ላይ ሲጨምር፣ የፓስፊክ ነፋስ ይደክማል። ያ ሲሆን የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ያንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን አርሶ አደሩ አይረሳውም። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች የክረምቱን ትንበያ ሲያዘጋጁ ፓስፊክን የሚያዩት ለዚህ ነው። እዚያ ያለው ባሮሜትር ለአንዱ የሰርፊንግ ነፋስ ነው፤ ለሌላው የጤፍ ዝናብ።

ስለ ቦታው ሲወራ ማማው ሳይነሣ አይታለፍም። ዳኞቹ ሞገዱን ፊት ለፊት የሚያዩት አለቱ ላይ ከተተከለ ማማ ነው። ቀድሞ የእንጨት ማማ ነበር። ለኦሊምፒኩ አዲስ የአሉሚኒየም ማማ ይሠራ ተባለ፤ የመጀመሪያው ዕቅድ 14 ቶን። የመንደሩ ሰው በጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ሰልፍ ወጣ። ኮራሉ ይጎዳል፣ ዓሣው ይሸሻል፣ ሞገዱም ሊለወጥ ይችላል አሉ። ክብደቱ ወደ 9 ቶን ተቀነሰ። በዲሴምበር ግን ለሙከራ የገባው የጭነት ጀልባ ኮራሉን ሰበረው። ሥራው ቆሞ መንገዱ እንደገና ተጠና። ሰዎቹ የፈሩት ነገር በዓይናቸው ፊት ሆነ። ሞገዱን የሚሠራው ያ አለት ነው። ያለ እሱ ከአንታርክቲካ የመጣው ጉልበት ሁሉ ተራ ውሃ ሆኖ ያልፋል። የመንደሩን ሰው ቁጣ ከትንበያው ነጥዬ ላየው አልችልም። ትንበያው ግማሹ ሰማይ ላይ ነው፣ ግማሹ አለቱ ላይ።

ሐምሌ 29 ደረሰ። ሞገዱም መጣ። ጥበቃው አላሳፈረም። ግን እንደ ሐምሌ 22ቱ አልነበረም። ጥሩ ሞገዶች ነበሩ፤ የሚመጡት ግን በየረጅም ጊዜው ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን ማወቅ የዚያን ቀን ውጤት ለመረዳት ይረዳል። ሞገዶች ከሩቅ ሲመጡ ትንሽ በሚለያይ ፍጥነት ነው የሚመጡት። ጫፎቻቸው ሲገጣጠሙ ተከታትለው ጥቂት ትላልቅ ሞገዶች ይመጣሉ። ሲጠፋፉ ባሕሩ ፋታ ያገኛል። ፋታው አምስት ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ ሃያም። አማካዩን ትንበያው ይነግራል። የትኛው ደቂቃ ላይ የትኛው እንደሚመጣ ግን የትኛውም ኮምፒውተር አይናገርም። ግጥሚያው ደግሞ በደቂቃ ነው የሚለካው።

በግማሽ ፍጻሜው ሜዲና ከአውስትራሊያው ጃክ ሮቢንሰን ጋር ገባ። ያ 9.90 ያመጣው ሰው ውሃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ባሕሩ ዝም አለ። በጠቅላላው የያዘው አንድ ሞገድ ብቻ ነው፤ 6.33። ሮቢንሰን በ12.33 አለፈ። ሜዲና በኋላ የፔሩን አሎንሶ ኮሬያን አሸንፎ ነሐስ ወሰደ።

በሴቶቹ ፍጻሜ አሜሪካዊቷ ካሮላይን ማርክስ 10.50፣ ታቲያና ዌስተን ዌብ 10.33። ልዩነቱ 0.17 ነው። በግንቦት እዚሁ 10 ከ10 ያገኘችው ሴት በሁለት ሞገድ ድምር 10.33 ላይ ቆመች። ችሎታዋ በሁለት ወር አልወረደም። ባሕሩ የሰጣት ያን ያህል ነው። ነሐሱን ደፌ ወሰደች፤ የተሰፋችው ደፌ።

ለወንዶቹ ወርቅ ሮቢንሰንና ካውሊ ቫስት ገቡ። ቫስት የ22 ዓመት ልጅ ነው፤ ታሂቲ ተወልዶ ከልጅነቱ በዚያ አለት ላይ ያደገ። ለፈረንሳይ ነው የሚወዳደረው። ገና እንደተጀመረ አንድ ሞገድ መጣ፣ ያዘው፤ 9.50። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው መጣ፤ 8.17። ሮቢንሰን አንድ ያዘ፤ 7.83። ሁለተኛ ያስፈልገዋል።

ባሕሩ ተኛ። ካሜራው ሮቢንሰን ላይ ቆየ። ሰሌዳው ላይ ተቀምጧል። እግሮቹ ውሃ ውስጥ ናቸው። ዓይኑ ደቡብ ምዕራብ ላይ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ሜዲና የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው፣ የሚጠብቀውም ያንኑ ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ ቫስትም ተቀምጧል፤ እሱ ግን ምንም ባይመጣ ደስ ይለዋል። በበሩ ውስጥ ጀልባዎቹ ታጭቀዋል፣ ሰዉ ቆሟል። ተራራው ከኋላ አረንጓዴ ነው። ሰከንዶቹ ስክሪኑ ጥግ ላይ እየወረዱ ነው። ውሃው እንደ ሐይቅ ለስላሳ ነበር።

17.67 ለ7.83 አለቀ።